«እንዴት ሰነበቱ?» የሚል ስልክ

ሐኪሙ ከታካሚው ጋር የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። በዚያች ደቂቃ የበሽታው ስም ይነገራል፣ የመድኃኒቱ አወሳሰድ ይነገራል፣ የሚበላውና የማይበላው ይነገራል፣ ቀጠሮ ይሰጣል። ታካሚው ግን ታሟል፤ ፈርቷል፤ ከማለዳ ጀምሮ ተራ ሲጠብቅ ቆይቶ ደክሞታል፤ ምናልባትም ለመመለሻ ትራንስፖርት የቀረችውን ብር በልቡ እያሰላ ነው። ራሱን ነቅነቅ አድርጎ «እሺ ዶክተር» ይላል። ፋርማሲ ሄዶ ኪኒኑን በትንሽ ፖስታ ይቀበላል፤ ፖስታው ላይ በእስክሪብቶ «1×3» ተብሎ ተጽፏል። ቤቱ ሲገባ ከዚያ ሁሉ ንግግር በእጁ የቀረው ይኸው ጽሑፍ ብቻ ሊሆን ይችላል።

የሆላንዱ ተመራማሪ ሮይ ኬሰልስ በ2003 ባሳተመው ዳሰሳ ከሐኪም አንደበት ከሚወጣው መረጃ ከ40 እስከ 80 በመቶው ወዲያውኑ እንደሚረሳ፣ ከሚታወሰውም ግማሽ ያህሉ ተሳስቶ እንደሚታወስ ጽፏል። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያው በ2003 የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ዘገባ ደግሞ በበለጸጉት አገሮች እንኳ ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት ከታዘዘላቸው ሰዎች በታዘዙት መሠረት የሚወስዱት በአማካይ ግማሽ ያህሉ ብቻ እንደሆኑ ተገልጿል። እነዚህ ሰዎች ሰነፎች አይደሉም፤ ለሕይወታቸውም የማይሳሱ አይደሉም። የተነገራቸው ነገር ቤት ድረስ አብሯቸው አልሄደም፤ ወይም ሄዶ ከቤታቸው ኑሮ ጋር አልገጠመም።

ያቺን «1×3» እንውሰዳት። አንድ ኪኒን በቀን ሦስት ጊዜ ማለት ነው፤ ከምግብ በኋላ ይወሰድ ተብሏል እንበል። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ቢሆንና ሰውየው እስከ 9 ሰዓት እህል የማይቀምስ ቢሆንስ? የጠዋቱን ኪኒን በባዶ ሆዱ ይዋጠው? ይዝለለው? ወይስ ሦስቱንም ከ9 ሰዓት በኋላ ያጭቀው? ረመዳን የሚጾመውም ጎረቤቱ ይኸው ጥያቄ አለው። ስኳር ያለበት ሰው ከሆነ ጉዳዩ የጨጓራ ማቃጠል ብቻ አይደለም፤ ኢንሱሊን ተወግቶ እህል ሳይቀምስ ከቆየ የደሙ ስኳር ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ሐኪሙ ፊት አያነሳውም፤ አንድም ያፍራል፣ አንድም ጥያቄው ትዝ የሚለው ኪኒኑን በእጁ ይዞ ጓዳው ውስጥ ሲቆም ነው። በዚያን ሰዓት ሐኪሙ የለም፤ ስልኩ ግን ኪሱ ውስጥ አለ።

ኢትዮጵያ ውስጥ የሞባይል አገልግሎት የተጀመረው በ1999 ነው። ያኔ ስልክ የጥቂቶች ዕቃ ነበር፤ ዛሬ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ብቻ ከ70 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ሐኪም በሌለበት ቀበሌ ስልክ አለ። ስለዚህ በጤናው ሙያ ያሉ ሰዎች «ይህን መሣሪያ ለሕሙማን መረጃ ማድረሻ እናድርገው» ብለው ማሰባቸው የሚጠበቅ ነበር፤ ላለፉት ሃያ ዓመታት ገደማም በብዙ አገር ተሞክሯል። አንዳንዱ ሠርቷል፣ አንዳንዱ አልሠራም። በሠራውና ባልሠራው መካከል ያለው ልዩነት ብዙውን ጊዜ በስልኩ ዘመናዊነት ወይም በመልእክቱ ርዝመት አልመጣም። በእኔ ግምት ዋናው ነገር ስልኩ ታካሚውን ይጠይቀዋል ወይ፣ ሲመልስስ የሚሰማው ሰው አለ ወይ የሚለው ነው።

ናይሮቢ፣ ሰኞ ጠዋት

በ2007 ካናዳዊው የተላላፊ በሽታዎች ሐኪም ሪቻርድ ሌስተርና ኬንያውያን ባልደረቦቹ በሦስት ክሊኒኮች አንድ ሙከራ ጀመሩ። ሁለቱ ክሊኒኮች ናይሮቢ ውስጥ ነበሩ፤ ሦስተኛው ከከተማው ወጣ ብሎ የማሳይ ሕዝብ በሚኖርበት በካጂያዶ ነበር። የተመዘገቡት 538 ሰዎች የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ገና የጀመሩ ናቸው። ግማሽ ያህሉ የተለመደውን ሕክምና ብቻ እንዲያገኙ ተደረገ፤ ለቀሩት 273 ሰዎች ደግሞ በሕክምናው ላይ አንድ ነገር ተጨመረላቸው። ነርሷ በየሳምንቱ፣ ሰኞ ጠዋት፣ አንድ ቃል ብቻ ያለበት መልእክት ትልክላቸዋለች፦ «ማምቦ?» ይህ በስዋሂሊ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ሲገናኝ የሚባባለው «እንዴት ነው?» ነው። ታካሚው በ48 ሰዓት ውስጥ ከሁለት አንዱን ይመልሳል። ደህና ከሆነ «ሳዋ»፣ ችግር ካለ «ሺዳ»። «ሺዳ» ላለ ሰው ነርሷ ትደውላለች። ምንም ላልመለሰም ትደውላለች።

ነገሩ በቃ ይኸው ነው። አፕሊኬሽን የለም፣ ስማርት ስልክ አያስፈልግም፣ ሥዕል የለም፣ ረጅም ምክር የለም። ከዓመት በኋላ ውጤቱ ሲታይ ግን መድኃኒታቸውን ሳያጓድሉ ወስደናል ያሉት መልእክቱ ከሚደርሳቸው መካከል 62 በመቶ፣ ከማይደርሳቸው መካከል 50 በመቶ ሆኑ። ሰው ስለራሱ የሚናገረው አያስተማምንም የሚል ይኖራል፤ ትክክል ነው። ተመራማሪዎቹም ደም መርምረዋል። ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ እጅግ ዝቅ ያለላቸው በመጀመሪያው ቡድን 57 በመቶ፣ በሁለተኛው 48 በመቶ ነበሩ። ጥናቱ በ2010 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። የአንድ መልእክት ዋጋ አምስት የአሜሪካ ሳንቲም ያህል ነበር።

ዘጠኝ ከመቶ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በየዕለቱ ካልተወሰደ ቫይረሱ መድኃኒቱን ሊለምደው ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው መድኃኒት የበለጠ ውድና ለማግኘት የከበደ ነው። ቫይረሱ ዝቅ ያለለት ሰው ይሠራል፣ ልጆቹን ያሳድጋል፣ በሽታውንም ለሌላ የማስተላለፍ ዕድሉ እጅግ ይቀንሳል። በየሳምንቱ በምትላክ አንዲት ቃልና በነርስ ጥሪ ለዚህ የበቃ ሰው ተጨመረ ማለት ነው።

መልእክቱ ምን እንዳላለም ልብ በሉ። «መድኃኒትህን ውሰድ» አላለም። የበሽታውን ስም አልጠራም። የክሊኒኩን ስም አልጠራም። ይህ በትልቅ ጥንቃቄ የተመረጠ ነው፤ ምክንያቱም ከተመዘገቡት ሰዎች መካከል የራሳቸው ስልክ የሌላቸው፣ ከባል ወይም ከዘመድ ጋር የሚጋሩ ነበሩ። አንዲት ሴት ለባሏ ያልነገረችው ነገር በባሏ እጅ ባለ ስልክ ላይ ተጽፎ ቢመጣ ምን ሊከተል እንደሚችል መገመት አያዳግትም። «ማምቦ?» የሚለውን ግን ማንም ቢያነበው ሰላምታ ነው።

ሌላው ጥቅሙ ደግሞ መረጃን በሁለቱም በኩል ማስኬዱ ነው። ክሊኒኩ መድኃኒቱ እያቅለሸለሸው ስለሆነ ሊያቆመው የተቃረበውን ሰው ያውቀዋል። ያልመለሰውንም ያውቀዋል፤ ዝምታውም ለነርሷ ዜና ነው። ታካሚው በበኩሉ የሚያገኘው ምክር ለሁሉም በጅምላ የተበተነ ሳይሆን ለእርሱ ችግር የተሰጠ ይሆናል። ተሳታፊዎቹ ስለ መልእክቱ ሲጠየቁ የሚያስብልን ሰው እንዳለ ተሰማን ብለዋል። ይህን እንደ ተራ ስሜት ማለፍ አይገባም። ዕድሜ ልክ ኪኒን መዋጥ ብቸኝነት ያለበት ሥራ ነው።

ያልሠራውም ይነገር

ስለ ቴክኖሎጂ የሚጽፉ ሰዎች የተሳካውን አጋነው ያልተሳካውን መሸፈን ይቀናቸዋል። እኔ ግን ካልተሳካው የተማርኩት ይበልጣል እላለሁ።

በምዕራብ ኬንያ ቹላይምቦ በተባለ የገጠር ክሊኒክ በ431 ሰዎች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት በ2011 ታተመ። እዚያ የሚላከው ማስታወሻ ነበር፤ መልስ አይጠበቅበትም። ለአንዳንዶቹ በየቀኑ፣ ለሌሎቹ በየሳምንቱ ይላካል። በየሳምንቱ ከደረሳቸው መካከል 53 በመቶው ከመድኃኒታቸው ቢያንስ ዘጠና በመቶውን ወሰዱ፤ ምንም ካልደረሳቸው መካከል ይህን ያደረጉት 40 በመቶ ናቸው። በየቀኑ የደረሳቸው ግን ምንም ካልደረሳቸው የተሻሉ አልነበሩም። ስለዚህ መልስ የማይጠይቅ ማስታወሻም አንዳንድ ጊዜ ይጠቅማል፤ ሐቁን መካድ አይቻልም። ሲበዛ ግን ይለመዳል፤ የተለመደ ድምፅም አይሰማም።

ይህን እኛም አይተነዋል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ ስልክ የደወለ ሁሉ ከጥሪው ድምፅ ፈንታ እጅን ስለመታጠብና ርቀትን ስለመጠበቅ የሚናገር መልእክት ይሰማ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰው ቆም ብሎ አዳመጠው። ሐሳቡም ጥሩ ነበር፤ ማንበብ የማይችለውም ያለ ክፍያ ሰማው። ወራት ሲያልፉ ግን ብዙዎቻችን ያንን ድምፅ የምንሰማው የደወልንለት ሰው እስኪያነሳ ብቻ ነበር፤ ምን እንደሚል ልብ አንለውም።

በካሜሩን ዋና ከተማ ያውንዴ 200 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ በ2012 ታትሟል። በየሳምንቱ የሚያበረታታ መልእክት ለስድስት ወር ተላከ፤ መድኃኒት አወሳሰዳቸው ላይ ግልጽ ልዩነት አልታየም። ራሱ የ«ማምቦ?» አሠራርም ኋላ በናይሮቢ ኪቤራ ሰፈር በ700 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ነበር። ጥያቄው ሰዎቹን በመጀመሪያው ዓመት ከክትትል እንዳይጠፉ ያደርጋቸዋል ወይ የሚል ነበር። በ2018 የወጣው ውጤት አላደረጋቸውም ይላል።

ከአገራችንም አንድ ልጨምር። በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ጤና ተቋማት የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ኪኒናቸውን መውሰዳቸውን በዲጂታል መንገድ የሚያሳውቁበት አሠራር ተሞክሯል። ለአንዳንዶቹ ሲከፈት ምልክት የሚልክ የኪኒን ሣጥን፣ ለሌሎቹ ቁጥሩን በስልክ የሚልኩበት ምልክት የተለጠፈበት መድኃኒት ተሰጣቸው። የሕክምናው የመጨረሻ ውጤት ከተለመደው አሠራር የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ይህ ሙከራውን ዋጋ ቢስ አያደርገውም። የነቀርሳ ክትትላችን በጤና ባለሙያዎች ልፋት ቀድሞም ብዙ ርቀት የሄደ ነው፤ ሰው በደንብ እየተከታተለው ያለ ነገር ላይ ማሽን ቢጨመር የሚጨምረው ትንሽ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ባወጣው የኤች አይ ቪ ሕክምና መመሪያ የስልክ መልእክትን ሲደግፍ ብቻውን እንዲቆም አላደረገም፤ ከሌሎች ድጋፎች ጋር አብሮ እንዲሰጥ ነው ያለው። እኔም የምስማማው በዚህ ነው። የአውቶቡስ መሳፈሪያ ያጣን ሰው፣ ወይም ክሊኒክ ሄዶ መድኃኒቱ አልቋል የተባለን ሰው፣ ምንም ያህል «እንዴት ሰነበቱ?» ብንለው አይድንም።

ለእናቶች የተከፈተ መስመር

ዛንዚባር ውስጥ በ24 ጤና ጣቢያዎች የሚከታተሉ 2550 ነፍሰ ጡሮች በተሳተፉበት ጥናት ግማሾቹ ጣቢያዎች ለእናቶቹ መልእክት ከመላክ አልፈው የስልክ ካርድ ሰጧቸው፤ ባሻቸው ጊዜ አዋላጇን ደውለው እንዲጠይቁ ነው። በባለሙያ እጅ የወለዱት መልእክቱና ካርዱ ካላቸው መካከል 60 በመቶ፣ ከሌሎቹ መካከል 47 በመቶ ሆኑ። ልዩነቱ በግልጽ የታየው ግን በከተማ እናቶች ላይ ነው። የገጠሯ እናት መልእክቱ ቢደርሳትም በሌሊት ምጥ ሲመጣ የሚያደርሳት መኪና ከሌለ ስልኩ መንገድ አይሆናትም።

ካርዱ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለእኔ ግን የጥናቱ ብልህ ሐሳብ እርሱ ነው። እኛ አገር ስንት ሰው ሒሳብ ስለሌለው ሚስኮል አድርጎ ይጠብቃል! ለዘመድ ሚስኮል ማድረግ ይቻላል፤ ለጤና ጣቢያ ግን ማን ደፍሮ ያደርጋል? ጣቢያውስ መልሶ ይደውላል? የታካሚውን ድምፅ የምንፈልግ ከሆነ ወጪውን ልንሸፍንለት ይገባል።

ደቡብ አፍሪካ በነሐሴ 2014 በመላ አገሪቱ የጀመረችው «ሞምኮኔክት» ይህን ገና ከመነሻው አስቦበታል። ነፍሰ ጡሯ ክሊኒክ ስትመጣ ትመዘገባለች፤ ከዚያ እንደ እርግዝናዋ ሳምንት የሚመጥን መልእክት ይደርሳታል፤ ከወለደች በኋላም ስለ ሕፃኑ ይቀጥላል። አገልግሎቱ ነፃ ነው። መልእክቶቹም በአገሪቱ በወቅቱ በነበሩት 11 የሥራ ቋንቋዎች ተዘጋጅተዋል። ባለፉት ዓመታት ከሁለት ሚሊዮን የሚበልጡ እናቶች ተመዝግበውበታል። እናትየዋ መልሳ መጻፍ፣ መጠየቅ፣ የተንገላታች ከሆነ ማማረር፣ በጥሩ የተቀበሏት ከሆነ ማመስገን ትችላለች፤ ጥያቄዋንና ቅሬታዋን ሰዎች ተቀምጠው ይመልሳሉ። ከቅሬታው ይልቅ ምስጋናው መብለጡ ብዙዎችን አስገርሟል። ቅሬታውም ቢሆን ሥራ ሠርቷል፤ አንዲት እናት ክትባት የለም ተብላ ተመለስኩ ብላ ስትጽፍ ጉዳዩ ሪፖርት እስኪመጣ ሳይጠበቅ ከበላይ ይደርሳል።

ወደ እኛ ስንመለስ

የሌላውን አሠራር ወደ አማርኛ ስናመጣ ሰዎች የማያስቧቸው ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ ጥቃቅን ቢመስሉም ሕመምተኛ ያስታሉ።

አንዱ ሰዓት ነው። የቀጠሮ ማስታወሻ የሚልክ ሶፍትዌር ከውጭ ተገዝቶ «ቀጠሮዎ ነገ 8:00 ነው» ብሎ ቢጽፍ፣ እናቴ የምታነበው ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት ብላ ነው። ሐኪሙ የጠበቃት ግን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነበር። በቀኑም ያው ችግር አለ፤ ለፈረንጅ 12 የተባለው ቀጠሮ በእኛው 12 ይፈለጋል። አንድ ሰው ከሩቅ ወረዳ ተሳፍሮ መጥቶ «ቀጠሮዎ አልፏል» ቢባል ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። መልእክቱ «ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት» ብሎ ቀኑን በስሙ ቢጠራ ይህ ሁሉ አይመጣም።

ሌላው ፊደል ነው። አጭር የጽሑፍ መልእክት በላቲን ፊደል ሲጻፍ እስከ 160 ምልክት ይይዛል፤ በፊደላችን ሲጻፍ ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በስልኩ ሥርዓት የበለጠ ቦታ ይወስዳል። ከዚያ ካለፈ መልእክቱ ይከፋፈላል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይጨምራል። ስለዚህ አንዳንድ ድርጅት አማርኛውን በላቲን ፊደል ጽፎ መላክ ይመርጣል፤ ወጣቱ ያነበዋል፣ አባቱ ግን አያነበውም። ሰባ ምልክት በቂ ነው ወይ? አንድ ልሞክር፦ «እንዴት ሰነበቱ? ደህና ከሆኑ 1፣ ችግር ካለ 2 ብለው ይላኩልን።» ነጥቡና ክፍተቱ ተቆጥሮ 41 ነው። የበሽታ ስም የለበትም፣ የጤና ጣቢያ ስምም የለበትም። ታካሚው ሲመዘገብ «ከዚህ ቁጥር እንዲህ ያለ መልእክት ሲመጣ ከእኛ ነው» ተብሎ በቃል ከተነገረው ይበቃዋል።

አሮጌ ባለ ቁልፍ ስልኮች ግን ፊደላችንን ባዶ ሣጥን አድርገው የሚያሳዩ አሉ። ማንበብ የማይችሉ ወገኖቻችንም ብዙ ናቸው። ለእነዚህ የሚሻለው ድምፅ ነው። ሕንድ «ኪልካሪ» በተባለው አገልግሎቷ ለነፍሰ ጡሮችና ለእመጫቶች በየሳምንቱ እየደወለች የተቀዳ ምክር ታሰማለች። በእኛም አገር 952 ለዓመታት ስለ ኤች አይ ቪ የሚጠየቅበት ነፃ መስመር ነበር። ሰው ስሙን ሳይናገር፣ ፊቱ ሳይታይ፣ የልቡን ይጠይቅበት ነበር። በኮሮና ጊዜም 952ና 8335 ብዙ ጭንቀት ተሸክመዋል። ስለዚህ ልምዱ አለን፤ ከባዶ አንጀምርም።

አንድ ነገር ግን ከኬንያው አሠራር ለየት ማድረግ የሚያስፈልገን ይመስለኛል። የእኛ ሰው «እንዴት ሰነበቱ?» ሲባል ቢያመውም «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የሚለው። ወደ 1 የሚያዘነብል ብዙ ሰው ይኖራል። ስለዚህ ደህና ነኝ ላለውም ቢያንስ በወር አንዴ በድምፅ መደወል ያስፈልጋል። የደም ግፊት ኪኒን የሚወስዱ አንዲት አዛውንት አሉ እንበል፤ ሲስተሯ ደወለች፦

«እማማ፣ እንዴት ሰነበቱ?»

«ይመስገን ልጄ፤ ደህና ነኝ።»

«ኪኒኑን እየወሰዱ ነው?»

«ኧረ ተሽሎኝ ተውኩት። ራስ ምታቱም ለቀቀኝ።»

እማማ ያደረጉት ለሰው ትክክል የሚመስል ነገር ነው፤ የተሻለው ሰው መድኃኒት ያቆማል። የደም ግፊት ግን ሳያሳምም የሚጎዳ በሽታ ነው፤ ድንገት እጅና እግርን ሽባ እስኪያደርግ ድረስ ምልክት ላያሳይ ይችላል። «ኪኒንዎን መውሰድዎን አይርሱ» የሚል ማስታወሻ ለእማማ አይሠራም፤ አልረሱምና። ያቆሙት አስበው ነው። ሲስተሯ «እማማ፣ የተሻለዎት እኮ ኪኒኑን ስለወሰዱ ነው» ብላ ማስረዳት የምትችለው ምክንያታቸውን ከሰማች በኋላ ነው።

ለዚህ ሥራ የሚሆን ሰው አገሪቱ አላት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በየቀበሌው ተሰማርተው ቁጥራቸው ከ30 ሺህ በላይ ደርሷል። የሰውን ቤት ያውቃሉ፣ የሰው ቋንቋ ይናገራሉ፣ የትኛው ቤት ስልኩ በማን እጅ እንደሚውል ያውቃሉ። ይህን ዕውቀት የትኛውም ሶፍትዌር አይይዘውም። ነገር ግን የሥራ ዝርዝራቸው ላይ ሥራ እየጨመሩ ስልኩንም ካርዱንም ከደሞዛቸው አውጡ ማለት ግፍ ነው።

መስመሩን ባዶ ብንተወው ሌላ ይሞላዋል። ዛሬ ለጥያቄው መልስ ያላገኘ ታካሚ ወደ ቴሌግራምና ወደ ቲክቶክ ይሄዳል። እዚያ ስኳርን በሳምንት አጠፋለሁ የሚል አለ፤ የኩላሊት መድኃኒት በዴሊቨሪ እልካለሁ የሚል አለ። ሰው እነርሱን የሚያምነው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። በጻፈላቸው በደቂቃ ውስጥ «ሰላም፣ እንዴት ልርዳዎት?» ብለው ስለሚመልሱለት ነው።

በውጭ የምትኖሩ አንባቢዎችም በዚህ ጉዳይ ድርሻ አላችሁ። በዋሽንግተን ዲሲ በ2004 የወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ ከሚመለከታቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎችም እንግሊዝኛ ለማይችል ታካሚ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ አስተርጓሚው የሚቀርበው በስልክ ነው። በእስራኤልም የጤና ሚኒስቴሩ የስልክ አስተርጓሚ ካዘጋጀላቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። እንዲያም ሆኖ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የእናቱን የማሕፀን ሕመም ለሐኪም እንዲያስተረጉም የሚደረግበት ቤት ብዙ ነው። እናትየዋ ከልጇ ፊት ግማሹን ትደብቃለች፤ ልጁም ያልገባውን በግምት ይሞላዋል። አሜሪካ ላሉ ወላጆቻችሁ አንድ ነገር አስጠኗቸው፤ እንግዳ መቀበያው ላይ ሲደርሱ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊስ» ይበሉ። የሚከፍሉት የለም፤ የሚያፍሩበትም የለም።

ለታካሚውም የምለው አለኝ። ከሐኪም ክፍል ከመውጣትዎ በፊት «ቤት ሄጄ ያልገባኝ ነገር ቢኖር በየትኛው ቁጥር ልደውል? በስንት ሰዓት?» ብለው ይጠይቁ። የተሰጠዎትን ቁጥር በቀጠሮ ካርድዎ ጀርባ ያስጽፉት፤ ስልክ ይጠፋል፣ ሲም ካርድ ይቀየራል። ስልክዎን ከሌላ ሰው ጋር የሚጋሩ ከሆነም ሳያፍሩ ለነርሷ ይንገሯት፤ ምን ብላ መጻፍ እንዳለባት የምታውቀው ያኔ ነው።

የጤና ጣቢያና የሆስፒታል ኃላፊዎች ደግሞ ሻጭ መጥቶ ስለ አዲስ የመልእክት ሥርዓት ሲያስረዳችሁ፣ ታካሚው «2» ብሎ የሚልክበትን ቀን አስቡ። የማን ስልክ ላይ ይደርሳል? ያቺ ሲስተር በዚያ ሰዓት ተረኛ ናት ወይስ ሠላሳ ሰው ተሰልፎባት ክትባት እየሰጠች ነው? መልሳ የምትደውልበትን ካርድ ማን ይሞላል? እርሷ ዓመት ፈቃድ ስትወጣ ማን ይተካታል? እነዚህን በወረቀት ላይ ስም ጠርታችሁ ጻፉ፤ ሥርዓቱን ከዚያ በኋላ ግዙ።